ጎመኔ ለምን ቢጫ ሆነ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አራት ኪሎ ነው። ጓሮዬ ውስጥ ትንሽ ቦታ አለችኝ። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ጫማ ይዞ ያስቀራል። አምና የተከልኩት ጎመን ቢጫ ሆኖ ቀረ። ቦታው አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ኧረ ይሆናል እህቴ! ዋልካ ለም አፈር ነው፤ ጤፍም ሽምብራም ደህና አድርጎ ያበቅላል። ችግሩ ውኃ ቶሎ አያሳልፍም፣ ስለዚህ ጎመንሽን የጎዳው ሥሩ ውኃ ውስጥ ተኝቶ አየር ማጣቱ ይመስለኛል። ከሰኔ በፊት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፣ በመደቦቹ መሀል ውኃው የሚወርድበት ቦይ ቅደጂ፣ የበሰበሰ ፍግም በደንብ ቀላቅይበት። ጭቃ ሳለ ግን እንዳትቆፍሪው፣ ሲደርቅ ድንጋይ ነው የሚሆነው። የግንባታ ፍርስራሽ የተደፋበት ጥግ ካለ ደግሞ የሚበላ ነገር ሳይሆን አበባ ትከይበት።