«ውል የለህም» ቢሉህም የሠራህበት ገንዘብ ያንተ ነው

ጥያቄ፦ ከገጠር ሥራ ፍለጋ የመጣሁ የ22 ዓመት ወጣት ነኝ። አንድ ሕንፃ ግንባታ ላይ አምስት ወር በቀን ሠራተኛነት ሠርቻለሁ። የቀጠረኝ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው ነው። የተፈራረምነው ወረቀት የለም። የመጨረሻውን ሁለት ወር ሳይከፍለኝ «ሥራ የለም፣ ሂድ» አለኝ። ስጠይቀው «ውል የለህም፣ የከተማው መታወቂያ የለህም፣ የት ትከሰኛለህ?» ይለኛል። ጓደኞቼ ለአጨዳ አገር ቤት ገብተህ ስትመለስ ጠይቀው ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ክስህን ሳታስገባ አገር ቤት እንዳትሄድ። ብዙ ልጆች ገንዘባቸውን የሚያጡት ማስረጃ ጎድሏቸው ሳይሆን ጊዜው አልፎባቸው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። ካቦው በቃል «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» ማለቱ ይህን ቆጠራ አያቆመውም። አጨዳው አልቆ፣ ውቂያው አልፎ፣ ትንሽ ዘመድ ጠይቀህ ስትመለስ ስድስት ወር ምን አላት?

አሁን ወደ ካቦው ማስፈራሪያ እንምጣ። የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ መሆን የለበትም። እሱ እያዘዘህ፣ አንተ በክፍያ ከሠራህ ውል አለ። ወረቀት ካልነበረ ደግሞ ግዴታው የአሠሪው ነው። በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ ሊሰጥህ ይገባ ነበር። እሱ ይህን ባለማድረጉ አንተ መብትህን አታጣም። ሰው ያላሟላውን ግዴታ መልሶ መከላከያ ሲያደርገው ማየት ያናድደኛል።

መታወቂያውም እንደዚያው ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 32 በአገርህ በፈለግከው ቦታ የመንቀሳቀስና የመኖር፣ በአንቀጽ 37 ደግሞ ፍትሕ የመጠየቅ መብት ሰጥቶሃል። ለመክሰስ የዚያ ከተማ ነዋሪ መሆን አይጠበቅብህም። ከትውልድ ቀበሌህ ያወጣኸውን መታወቂያ ይዘህ ሂድ።

የምትጠይቀው የሁለት ወሩን ብቻ አይደለም። ውል ሲቋረጥ ቀሪው ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ 3 ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊወሰንበት ይችላል። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሠርተህ ከሆነ ትርፉ ሰዓት በቀኑ ክፍለ ጊዜ በአንድ ተኩል ይታሰባል። በሳምንት የዕረፍት ቀን የሠራኸው ደግሞ እጥፍ ነው። ሕንፃው አሁንም እየተሠራ ከሆነ ስንብቱ ራሱ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ወደ ሥራ መመለስ ከፈለግህ ግን ያለህ ጊዜ 3 ወር ብቻ ነው።

«የት ትከሰኛለህ?» ላለህ ደግሞ፣ መጀመሪያ በአቅራቢያህ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደህ አመልክት። አንዳንዴ አሠሪው ተጠርቶ ሲጠየቅ ብቻ ይከፍላል። ካልሆነ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት አለ። ሠራተኛ እዚያ ሲከስ የዳኝነት አይከፍልም። ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዛል። በተግባር ሊዘገይ ይችላል፣ ቢሆንም ተስፋ አትቁረጥ። ክሱን የሚጽፍልህ ካጣህ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ክሱ ላይ ካቦውን ብቻ ሳይሆን ሥራውን የያዘውን ኮንትራክተርም ጥቀስ። ካቦ ስልኩን አጥፍቶ ሊጠፋ ይችላል፤ የድርጅቱ ስም ግን ሳይቱ በር ላይ ተለጥፏል። ዛሬውኑ ፎቶ አንሳው።

ማስረጃህ ምስክር ነው። አብረውህ ሲሚንቶ የተሸከሙት ልጆች ይበቁሃል። አሠሪው የክፍያ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ስላለበት መዝገቡን እንዲያቀርብ ችሎቱን ጠይቅ። ያለፉት ወራት በሞባይል ገብቶልህ ከሆነ መልእክቶቹን እንዳታጠፋቸው። የሠራህባቸውን ቀናት አሁን፣ ሳትረሳቸው፣ ደብተር ላይ ጻፍ። የልጆቹንም ስልክ ዛሬ ማታ ተቀበል። የቀን ሠራተኛ ሳይቱ ሲያልቅ ይበተናል፤ ሁለት ሳምንት ከቆየህ ግማሾቹን አታገኛቸውም።