ሐረጎን የጀመረ ሚኒባስ

ልጆቼ፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ኮምፒውተር የምታጠኑ ወጣቶች ባገኛችሁኝ ቁጥር «ምን አዲስ ነገር እንሥራ?» ትሉኛላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት ሌሎች የጻፉትን ስጠግን ነውና የምነግራችሁም ይህንኑ ነው። ፕሮግራመሩ ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1987 የለቀቀው ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር (ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይር ፕሮግራም) ዛሬም የሚሠራው ጠጋኝ ስላላጣ ነው።

የፕሮግራምን ክፍሎች አገናኝቶ አንድ የሚያደርገውን ሊንከሩን እንውሰድ። ፕሮግራማችሁ ከአንድ ስታቲክ ላይብረሪ፣ ማለትም ከተዘጋጀ የኮድ ጥቅል፣ ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ይጠራል፤ ላይብረሪውን በትእዛዙ ላይ ጽፋችኋል፤ ሊንከሩ ግን የፈንክሽኑን ስም አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። ስቶልማን የጀመረው የጂኤንዩ ፕሮጀክት ነባሩ ሊንከር ትእዛዙን የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ላይብረሪው ጋ ሲደርስ እስከዚያ ተጠርቶ ያልተገኘ ስም ካለ የሚፈለገውን ክፍል ያነሣል፤ ከሌለ ያልፋል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት መውረድ የጀመረ ሚኒባስ ከኋላ ቢጠሩት ወደ ደሴ ይመለሳል? ላይብረሪውን ከሚጠራው ፋይል በኋላ ጻፉት። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ቀን ባክኛለሁ፤ ጥፋቱንም በኮምፒውተሩ አሳብቤ ነበር።

ከዓመታት በፊት ደግሞ 3,000 መስመር ያህል ያለው ፕሮግራሜ ኮምፓይለሩን ራሱን ሥራውን ሳይጨርስ ጣለው። እኔም በጀብደኝነት 400 መስመር የሚሆን ማስተካከያ ጽፌ ኮምፓይለሩን ለሚንከባከቡት ጠባቂዎች ላክሁ። «መጀመሪያ ስህተቱን በትንሽ ፋይል አሳየን» ብለው መለሱልኝ። አኮረፍሁ፤ ሦስት ሳምንትም አልነካሁትም።

በኋላ የደሴው ተራራ ጦሳ ጉም በለበሰበት አንድ ማታ ተቀመጥሁ። መብራት ጠፍቷል፤ ላፕቶፑ የቀረው ባትሪ የሁለት ሰዓት ነው። የፕሮግራሙን ግማሽ ሰርዤ ኮምፓይለሩን አስነሣዋለሁ። አሁንም ከወደቀ የሰረዝሁት ንጹሕ ነው፤ ካልወደቀ መልሼ ሌላውን ግማሽ እቆርጣለሁ። ባትሪው ሳያልቅ 11 መስመር ቀረ። ስህተቱ እዚያ ላይ ፈጥጦ ይታያል፤ መፍትሔውም አንድ መስመር ሆነ። ዛሬ ይህን ቆረጣ የሚሠራ ሲ-ሪዱስ የሚባል መሣሪያ አለ። ተጠቀሙበት፤ ግን አንድ ጊዜ በእጃችሁ ሞክሩት፣ ዓይን የሚገራው ያኔ ነው።

ስህተት ስታሳውቁ የኮምፓይለሩን የዕትም ቁጥር፣ የሰጣችሁትን ትእዛዝና ትንሿን ፋይል ላኩ። ምሬታችሁን ለራሳችሁ አስቀሩት፤ አብዛኛው ጠባቂ ከሥራ ሰዓቱ ቆርሶ ነው የሚያነብላችሁ።

የእኔዋ 11 መስመር ከጥገናው ጋር ከፈተናዎቹ ተርታ ገባች፤ ኮምፓይለሩ በተፈተነ ቁጥር እሷም ትፈተናለች። አራት መቶው መስመር የት እንደገባ አላስታውስም።