የቮልስን ታምቡር ፍሬን በዲስክ ስለመተካት

ጥያቄ፦ ከአባቴ የወረስኋት የ1966 እ.ኤ.አ. ሞዴል ቮልስ አለችኝ። ሜዳ ላይ ብዙም አታስቸግረኝም፤ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ግን ፍሬኗ እየደከመ ይሄዳል፤ በክረምትም ውኃ ባቆረ መንገድ ካለፍሁ በኋላ ፍሬን ስይዝ ወደ አንድ ወገን ትስባለች። አንድ መካኒክ አራቱንም ጎማ ወደ ዲስክ ፍሬን እንድቀይር መክሮኛል። ዕቃውን አሜሪካ የምትኖረው እህቴ ልትልክልኝ ስለፈቀደች ምን ብዬ ልዘዛት?
አንባቢያችሁ፣ ከጉለሌ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የፊቶቹን ሁለቱን ብቻ ይቀይሩ፤ የኋላዎቹ በታምቡራቸው ይቆዩ። ታምቡር ማለት ሸራ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተጫነ የሚያቆመው ከበሮ ሲሆን፣ ዲስክ ደግሞ ፓድ የተባሉ ንጣፎች ከሁለት ወገን ጨምቀው የሚይዙት ሳህን ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ስለሚያጋድል አብዛኛውን ሥራ የሚሸከሙት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ ቮልስ ሞተሯ ከኋላ ቢሆንም ከዚህ አታመልጥም። የኋላው ፍሬን ከልክ በላይ ከበረታ የኋላ ጎማዎች ቀድመው መዞር ያቆሙና መኪናዋ በእርጥብ አስፋልት ላይ ልትሽከረከር ትችላለች። በዚያ ላይ የእጅ ፍሬንዎ የሚይዘው በኋላ ታምቡሮች ውስጥ ስለሆነ፣ እነርሱን ማንሳት ሌላ ወጪና ሌላ ራስ ምታት ማምጣት ነው። ፋብሪካውም ቢሆን ከ1967 ሞዴል ጀምሮ ካርማን ጊያ በተባለችው ባለ ሁለት በር የቮልስ ዘመድና በአውሮፓ በተሸጠችው 1500 ቮልስ ላይ ዲስክ የገጠመው ከፊት ብቻ ነበር።

ሆኖም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያለዎት ታምቡር በደንብ መስተካከሉን ያረጋግጡ። ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ስለሚርቅ ፔዳሉ ወደ ታች መውረዱ አይቀርም፤ ነገር ግን ሸራው አስቀድሞ ላልቶ ከነበረ ወይም ታምቡሩ በቶርኖ ተደጋግሞ ከተላጠ ችግሩ እጥፍ ይሆናል። በእርስዎ ሞዴል ማስተካከያው የሚገኘው በታምቡሩ ፊት ባለው ቀዳዳ በኩል ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ጎማ ሁለት ስለሆነ አንዱን ብቻ አጥብቆ መተው የተለመደ የጋራዥ ስሕተት ነው። የፍሬን ዘይቱንም ይለውጡ። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ዶት 4 የተባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት ያለበት ሲሆን፣ እርጥበት ሲገባበት ግን መስፈርቱ ወደ 155 ይወርዳል። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ የሚለሰልሰው ብዙ ጊዜ በዚህ የተነሣ ነው። መኪናዋ በደረቅ መንገድም ወደ አንድ ወገን የምትስብ ከሆነ ዘይት የሚያፈስ የጎማ ሲሊንደር (በየጎማው ውስጥ ሸራውን የሚገፋውን) ይፈልጉ፤ ዲስክ ውኃን እየዞረ ስለሚያራግፍ በክረምት ይረዳዎታል፤ የሚያፈስ ሲሊንደር ከኋላ ካለ ግን ዲስክ አያድነውም።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ድካሙ ከቀጠለ ለእህትዎ እንዲህ ብለው ይላኩላቸው። ዕቃው ለ1966 ሞዴል፣ ማለትም ቦል ጆይንት (ጎማውን የሚያዞር ክብ ራስ ያለው መጋጠሚያ) ላለው የፊት እግር የተሠራ መሆን አለበት፤ ለ1965ና ከዚያ በፊት ለነበሩት የተሠራው አይገጥምም። የእርስዎ ቸርኬ አምስት ቡሎን ያለው፣ በ205 ሚሊሜትር ክብ ላይ የተደረደረ ነው። ዲስኮቹ በኋላ ለመጡት ባለ አራት ቡሎን ሞዴሎች የተበሱ ከሆነ የፊትና የኋላ ቸርኬዎ ይለያያል፤ አንዷ ትርፍ ጎማም ለሁለቱም አታገለግልም። የኪሎሜትር መቁጠሪያው ገመድ በግራ የፊት ጎማ መሐል ስለሚያልፍ፣ የግራው የኩሽኔታ ክዳን ለገመዱ የተበሳ መሆኑን ማረጋገጥ አይርሱ። በግራው የፊት ጎማ መሐል ያለው የኩሽኔታ ማሰሪያ ዳዶ ጥርሱ ተቃራኒ እንደሆነ ለመካኒክዎ ይንገሩት፤ አለዚያ ሊፈታው ሲታገል ይውላል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ዋናው የፍሬን ሲሊንደር፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ነው። የእርስዎ አንድ መስመር ብቻ ያለው ስለሆነ አንድ ቱቦ ቢፈነዳ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፤ ስለዚህ በዚሁ አጋጣሚ ለአሜሪካ ገበያ ከ1967 ሞዴል ጀምሮ በተገጠመው ባለ ሁለት መስመር፣ 19.05 ሚሊሜትር በሆነው ይተኩት። ለዚህም ሁለት ክፍል ያለው የዘይት ዕቃ ያስፈልጋል። ወደ ፊት የሚሄደው መስመር ግፊት አፍኖ የሚያስቀር ቫልቭ ሊኖረው አይገባም፤ ይህ ቫልቭ ለታምቡር የሚጠቅም ቢሆንም በዲስክ ላይ ፓዱ እየታከከ እንዲግል ያደርጋል። እዚህ አገር ዲስክ ገጥመው ጎማው ለምን እንደሚጋጋል የሚጠይቁ ሰዎች መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ይህንን ነው።

ፔዳሉ ከቀድሞው ቢከብድዎት አይደንግጡ። በታምቡር ውስጥ ያለው የፊት ሸራ በመዞሩ ኃይል ራሱን ይበልጥ ይጫናል፤ ዲስክ ግን የሚይዘው በእግርዎ ጉልበት ልክ ብቻ ነው። አንዳንዶች በሞተሩ ስበት የሚሠራ አጋዥ ይጨምራሉ፤ አጋዡ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ስለሆነ በአዲስ አበባ ከፍታ ጉልበቱ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ያነሰ ነው፤ ለቀላሏ ቮልስም እምብዛም አያስፈልግም።

ሥራው ሲያልቅ አየሩን ከአራቱም ጎማ አስወጥተው፣ መኪና በማይበዛበት ሜዳማ መንገድ ላይ ደጋግመው ከመካከለኛ ፍጥነት በመቀነስ ፓዱ ከዲስኩ ጋር እንዲላመድ ያድርጉ፤ እንጦጦን የሚሞክሩት ከዚያ በኋላ ይሁን፤ ያኔም ቢሆን በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ።