ለኮርኒያ ቀዶ ሕክምና መንገዱ ከየት ይጀምራል? ከኮምቦልቻ ለጻፉልን ሐኪም የተሰጠ ምላሽ

የተከበሩ ዶክተር፣

በደብዳቤዎ እንደገለጹት፣ በኮምቦልቻ በጠቅላላ ሐኪምነት ማገልገል ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመትዎን ይዘዋል፤ ወደፊት የዓይን ሐኪም፣ በተለይም የኮርኒያ (በልማድ ብሌን የሚባለው፣ ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይን የፊት ሽፋን) ቀዶ ሐኪም መሆን ይፈልጋሉ፤ ለዚህም በኮርኒያ ንቅለ ተከላ ላይ በበይነ መረብ ለሚሰጥ አንድ የክፍያ ኮርስ ከደመወዝዎ እየቆጠቡ ነው። ኮርሱ ወደ ግብዎ ያቀርበኝ እንደሆነ፣ ለሙያ ፈቃድ እድሳትም ይጠቅመኝ እንደሆነ ጠይቀውኛል። ቁርጡን ላስቀድም፦ ይህን ገንዘብ አሁን አያውጡ።

ምክንያቴ የኮርሱ ጥራት አይደለም። ኮርኒያ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ የደም ሥር የሌለው አካል ነው፤ በውስጠኛው ገጹ ያሉት ሴሎች አንዴ ከጠፉ አይተኩም። ከፀጉር በቀጠነ ክር እንዲህ ያለውን አካል መስፋት የሚለመደው በማይክሮስኮፕ ሥር፣ አስተማሪ አጠገብ ቆሞ፣ በተደጋጋሚ በመሥራት ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ኮርስ የሚጠቅመው ሬዚደንሲውን (የስፔሻሊቲ ሥልጠናውን) ጨርሶ በቀዶ ሕክምና ላይ ላለ ሐኪም ሲሆን፣ ለእርስዎ ግን ትምህርቱን ሰምተው ሥራ ላይ የሚያውሉበት ቦታ የለዎትም። መንገዱ ረጅም ቢሆንም ግልጽ ነው፤ አገር አቀፉን የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና አልፈው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ (ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል) ወይም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ስፔሻሊቲ ይማራሉ፣ ከዚያም በኮርኒያ ፌሎሺፕ (ከስፔሻሊቲ በኋላ በሚሰጥ ተጨማሪ ሥልጠና) ይቀጥላሉ። ንቅለ ተከላ ሌላም የሚያስፈልገው ነገር አለ። በ2003 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከለጋሾች የሚያሰባስበው ብሌን ከሌለ ቀዶ ሕክምናው አይኖርም፤ የተተከለውም ብሌን ከዓመታት በኋላ ሳይቀር በሰውነት ሊገፋ ስለሚችል፣ በአካባቢዎ ካሉት ከቃሉ ወይም ከወረባቦ ወረዳ ገጠር የመጣ ታካሚ ለረጅም ጊዜ እየተመላለሰ መታየት ይኖርበታል።

የእድሳቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ ነጥብ የሚያዘው ዕውቅና ባለው ተቋም የተሰጠ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ሲሆን ነው፤ ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት የኮርሱ አዘጋጅ ዕውቅና እንዳለው ያረጋግጡ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከዚህ ቀደም አንድ ወጣት የዓይን ሕክምና ባለሙያ ይህን ሳያጣራ በከፈለበት ሰርተፊኬት ለእድሳት ቀርቦ፣ ወረቀቱ ሳይያዝለት ሲመለስ አይቻለሁ፤ አስቀድሜ ባለማስጠንቀቄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታዲያ አሁን ምን ይማሩ? የኮርኒያ ቁስለትን ይማሩ። በኮምቦልቻ ያለ ሐኪም ይህን በሽታ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በብረታ ብረት ሥራ ላይ መነጽር ሳያደርግ ሲሞርድ ፍንጣሪ የገባበት ሠራተኛ፣ በውቂያ ወቅት ገለባ ወይም የእህል ሹል ዓይኑን የወጋው ገበሬ የሚመጣው ወደ እርስዎ ተመላላሽ ክፍል ነው። የፍሎረሲን ወረቀት (የኮርኒያን ጭረት የሚያሳይ ቀለም ያለበት) ዓይኑን አስነክቶ በሰማያዊ ብርሃን ማየት፣ ቁስለቱን ፍቆ ለግራም (ባክቴሪያ ለማየት) እና ለኬኦኤች (ፈንገስ ለማየት) ምርመራ ወደ ላቦራቶሪ መላክ፣ በዕፅዋት ከተወጋ ዓይን ላይ ፈንገስን መጠርጠር፣ እንዲህ ባለው ዓይን ላይ የስቴሮይድ ጠብታ አለማዘዝ፤ እነዚህን በወጉ የሚሠራ ጠቅላላ ሐኪም ከማንኛውም ንቅለ ተከላ በፊት ብዙ ዓይን ያድናል ብዬ አምናለሁ። በኔፓል ባክታፑር ተካሂዶ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ ኮርኒያቸው የተላጠባቸው ሰዎች ቶሎ መጥተው 1 በመቶ ክሎራምፌኒኮል ቅባት በቀን ሦስት ጊዜ ለሦስት ቀን ሲደረግላቸው፣ ጭረቱ ወደ ቁስለት እንዳይለወጥ መከላከል ተችሏል። ይህን ሊያደርግ የሚችለው ሕመምተኛው መጀመሪያ የሚደርስበት ሰው ነው፤ በእርስዎ ከተማ ደግሞ ያ ሰው እርስዎ ነዎት።

ሁለተኛው ትራኮማ ነው። አማራ ክልል የትራኮማ ጫና ከበዛባቸው የአገሪቱ ክልሎች አንዱ ነው፤ በሽታው የዓይን ቆብን ወደ ውስጥ ስለሚያጥፈው፣ የተቀለበሰው የዓይን ፀጉር ኮርኒያውን በየጥቅሻው እየፋቀ ጠባሳ ይተውበታል። ይህን የሚያስተካክለውን የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምና በአብዛኛው የሚሠሩት የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው። ከእነርሱ መማር የሐኪምነት ክብርዎን አይቀንሰውም፤ እጃቸው ከብዙዎቻችን የሠለጠነ ነው። ከደሴ ብዙ በማይርቀው በዓይን ሕክምናው በሚታወቀው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን ገብተው እንዲመለከቱ፣ ከመሥሪያ ቤትዎ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቁ።

ለንባቡ ገንዘብ አያስፈልግዎትም። ኦርቢስ በተባለው የዓይን ሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት የሚዘጋጀው የበይነ መረብ ትምህርት ገጽ፣ ሳይበርሳይት፣ ለጤና ባለሙያዎች በነጻ ክፍት ነው፤ ከመሠረታዊው የዓይን ምርመራ ትምህርት ይጀምሩ፣ የንቅለ ተከላውን ክፍል ለኋላ ያቆዩት። የቆጠቡትን ገንዘብ ለፈተናው ዝግጅት ያውሉት።

አንድ ደብተርም ይክፈቱ። ዓይኑ ቀልቶ በመጣ ሰው ሁሉ ስም ሳይጽፉ፣ ከተጎዳ ስንት ቀን እንደሆነው፣ ወደ እርስዎ ከመምጣቱ በፊት ዓይኑ ውስጥ ምን እንደጨመረ (የባህል መድኃኒትም ይሁን ከፋርማሲ የገዛው ጠብታ)፣ እርስዎ ምን እንዳደረጉና ውጤቱ ምን እንደሆነ ይመዝግቡ። ለሬዚደንሲ ቃለ መጠይቅ ሲቀርቡ ይህ ደብተር ስለ እርስዎ ከሰርተፊኬት የበለጠ ይናገራል።

በደብዳቤዎ ያልጠቀሱት አንድ ነገር ቀርቷል፦ በሥራ ቦታዎ የፍሎረሲን ወረቀት ይገኛል? ከሌለ ጥያቄውን በዚሁ ሳምንት ለፋርማሲው ኃላፊ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ የሰጡዎትንም መልስ ይጻፉልኝ።