የምትጽፉበት ጋዜጣ የማን ነው? ለወጣት ጋዜጠኞች

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን በጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ አሳልፌ በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወደ ሙያው ለመግባት የምትሰናዱ ልጆች ስታገኙኝ አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁኝ ዜና እንዴት እንደሚጻፍ፣ ርእስ እንዴት እንደሚወጣ፣ ከባለሥልጣን ጋር ቃለ መጠይቅ እንዴት እንደሚደረግ ነው። እነዚህን ሥራው ራሱ ያስተምራችኋል። እኔ ከሁሉ ይቀድማል የምለውና ከእናንተ ብዙዎቹ የማይጠይቁኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ የምትጽፉበት ጋዜጣ የማን እንደሆነና ወጪውን ማን እንደሚችል ማወቅ። ይህን ለማስረዳት ከማሌዥያው ኮስሞ ጋዜጣና ከወለደው ድርጅት ታሪክ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮስሞ በማላይ ቋንቋ በየቀኑ የሚታተም ታብሎይድ፣ ማለትም በአነስተኛ ገጽ የሚወጣ ጋዜጣ ነው። መጀመሪያ የወጣው ኦገስት 30 ቀን 2004፣ በማሌዥያ የነጻነት በዓል ዋዜማ ሲሆን፣ ያቀደውም ወጣቱን የከተማ አንባቢ ነበር። በአነስተኛ ገጽ ላይ ትልቅ ባለቀለም ፎቶግራፍ፣ አጭር ዜና፣ የመዝናኛና የስፖርት ዓምድ ይዞ ሲመጣ፣ ገበያው ላይ ከ1991 ጀምሮ ሥር የሰደደ ሃሪያን ሜትሮ የሚባል ብርቱ ተፎካካሪ ጠብቆታል። ታብሎይድን የምትንቁ ካላችሁ ይህን ንቀት ተዉት። በሰፊ ገጽ ላይ ሦስት አንቀጽ የሚፈጅ መግቢያ ማስተናገድ ይቻላል፤ በታብሎይድ የፊት ገጽ ላይ ግን ለአንድ ፎቶግራፍ፣ ለአንድ ርእስና ለጥቂት መስመሮች ብቻ ቦታ ስላለ፣ አዘጋጁ የዕለቱ ዋና ጉዳይ የትኛው እንደሆነ በእርግጥ መወሰን አለበት። ይህ ከባድ ሙያ ነው፤ በአውቶቡስ ቆሞ ለሚያነብ ሠራተኛ ክብር መስጠትም ነው።

የኮስሞን ዕጣ ለመረዳት ግን ወደ ኋላ፣ ወደ 1939 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሜይ 29 ቀን፣ የኮስሞ እናት ድርጅት የተነሣበት ኡቱሳን መላዩ የተባለው ጋዜጣ ሲንጋፖር ውስጥ ታተመ። ከዚያ በፊት የነበሩ የማላይ ቋንቋ ጋዜጦች ባለቤትነት በአብዛኛው በሌሎች እጅ ስለነበር፣ ዩሶፍ ኢሻቅና ጓደኞቹ ማላዮች ራሳቸው በገንዘባቸው የሚያቆሙትና ራሳቸው የሚያዘጋጁት ጋዜጣ እንዲኖር ፈለጉ። አክሲዮኑን ለመሸጥ ብዙ ደከሙ፤ ከገዙትም መካከል እንደ ገበሬና እንደ ሾፌር ያሉ አነስተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ነበሩበት። የመጀመሪያው ዋና አዘጋጅ አብዱል ራሂም ካጃይ ሲሆን ዛሬም የማላይ ጋዜጠኝነት አባት እየተባለ ይጠራል፤ በስሙም ለጋዜጠኞች ሽልማት ይሰጣል። ጋዜጣው የሚጻፈው ጃዊ በሚባለው፣ ከዐረብኛ ፊደል በተወሰደው ጽሕፈት ነበር። ዩሶፍ ኢሻቅ ኋላ የሲንጋፖር የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ምስሉን በአገሪቱ የገንዘብ ኖት ላይ ታዩታላችሁ። እኔ ግን ከፕሬዚዳንትነቱ ይልቅ አክሲዮን ለመሸጥ መድከሙን አብልጬ አከብርለታለሁ።

ማላያ (ኋላ የማሌዥያ አካል የሆነችው) በ1957 ነጻ ከወጣች በኋላ ጋዜጣው ወደ ኩዋላ ላምፑር ተዛወረ። አምኖ (UMNO) የተባለው ገዢ ፓርቲ ይህን ያህል የሚነበብ ጋዜጣ ከእጁ ውጭ እንዲሆን አልወደደም፤ አክሲዮኑን እየገዛ ሄደ፣ ዩሶፍ ኢሻቅም ለቀቀ። በ1961 ፓርቲው ኢብራሂም ፊክሪ የተባለ የራሱን ሰው የዝግጅት ክፍሉ የበላይ አድርጎ ላከ። በጁላይ ወር ጋዜጠኞቹና የማተሚያ ቤቱ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ከደጅ ቆሙ። ዋናው ጥያቄያቸው የደመወዝ ጭማሪ አልነበረም፤ የጋዜጣው ፖሊሲ በፓርቲ ትእዛዝ አይለወጥ የሚል ነበር። ዋና አዘጋጁ ሰዒድ ዘሃሪ ድጋፍ ለማሰባሰብ ሲንጋፖር ደርሶ ሲመለስ ወደ ማላያ እንዳይገባ ታገደ፤ ለአዘጋጅ፣ ከሚመራው የዝግጅት ክፍል በድንበር መለየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። አድማው ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ከሸፈ። ሰዒድ ዘሃሪም በ1963 ሲንጋፖር ውስጥ ተይዞ፣ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ 17 ዓመት ያህል ታሰረ። እነዚያ ሠራተኞች ተሸነፉ፤ ይሁን እንጂ ትክክል እንደነበሩ ለመናገር አላመነታም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘመን፣ ላይ ላዩን ለሚያይ፣ የብልጽግና ዘመን ነበር። በ1967 በላቲን ፊደል የሚጻፈው ኡቱሳን ማሌዥያ ተመሠረተ፤ በብዙ መቶ ሺህ ቅጂ የሚሸጥባቸው ዓመታትም አለፉ። ድርጅቱ በ1994 በአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። የመንግሥት ማስታወቂያ አልጎደለበትም። ሆኖም በ1998 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንዋር ኢብራሂም ተሽረው ሕዝቡ ሲከፋፈል፣ እውነቱን ከፓርቲ ጋዜጣ አናገኝም ያሉ በርካታ የማላይ አንባቢዎች የተቃዋሚ ፓርቲ ልሳን የሆነውን ሐራካህ የተባለ ጋዜጣ መግዛት ጀመሩ። ኮስሞ የተወለደው እንግዲህ የእናት ድርጅቱ ተአማኒነት ከተሸረሸረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ብዙ ሰው የጋዜጦቹን ውድቀት በኢንተርኔት ብቻ ያሳብባል። ኢንተርኔት ማስታወቂያና አንባቢ እንደወሰደ አልክድም፤ አንባቢው በጋዜጣው ላይ ጠንካራ እምነት ኖሮት ቢሆን ግን እንዲያ በቀላሉ ይሄድ ነበር ብዬ አላምንም።

በሜይ 2018 አምኖ ከነጻነት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በምርጫ ተሸነፈ፤ ለድርጅቱ የለመደው የመንግሥት ማስታወቂያና ሥራ ቀነሰ። በዚያው ዓመት ኦገስት ድርጅቱ የባንክ ብድሩን መክፈል ስላልቻለ፣ የአክሲዮን ገበያው በችግር ላይ ካሉ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። በ2019 የሠራተኛው ደመወዝ ይዘገይ ጀመር፤ ሠራተኞቹም በዋናው መሥሪያ ቤት ደጅ ለተቃውሞ ወጡ። የኮስሞ ዋጋ ከአንድ ሪንጊት (የማሌዥያ ገንዘብ) ወደ አንድ ሪንጊት ከ50 ሳንቲም ከፍ ተደረገ። አልሆነም። ኦክቶበር 9 ቀን 2019 ኡቱሳን ማሌዥያና ኮስሞ በአንድ ቀን ተዘጉ፤ ከ800 በላይ ሰዎችም ሥራ አጡ። ስለ ዘፋኝና ስለ እግር ኳስ የሚጽፈው የኮስሞ ወጣት ሪፖርተር የፓርቲውን ፖለቲካ ጽፎ አያውቅ ይሆናል፤ ዕዳው ግን ከእሱም ደመወዝ ላይ አረፈ። ሁለቱም ጋዜጦች በ2020 በሌላ ባለሀብት ሥር እንደገና መታተም ጀምረዋል።

ልጆቼ፣ ሁለቱን ሰልፎች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ተመልከቷቸው። በ1961 የተሰለፉት ስለ ነጻነት ጠየቁ፤ በ2019 የተሰለፉት ስለ ደመወዝ። በእኔ አስተያየት ጥያቄው አንድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ያልተመለሰላቸው ጥያቄ ከ58 ዓመት በኋላ በደመወዝ መልክ ተመልሶ መጣ፤ ምክንያቱም አንባቢን ትቶ በአንድ ኃይለኛ ደጋፊ ላይ የተደገፈ ጋዜጣ፣ ያ ደጋፊ የወደቀ ዕለት የሚይዘው ሌላ ነገር የለውም።

ስለዚህ ሥራ ስትጀምሩ ስለ ባለቤቱ መጠየቅን የበሉበትን ወጭት እንደ መስበር አትቁጠሩት። የአሳታሚው ስም በየእትሙ ላይ ይታተማል፤ አንብቡት፣ ከጀርባው ያሉት ባለአክሲዮኖች እነማን እንደሆኑ አጣሩ። ከገቢው ስንቱ ከሽያጭ፣ ስንቱ ከማስታወቂያ እንደሚመጣ፣ ማስታወቂያውም ከአንድ ቤት ብቻ ይሁን ከብዙ ደንበኛ እወቁ። የሙያ ማኅበር ካለ አባል ሁኑ፤ ደመወዝ ከዘገየ በኋላ ሳይሆን ዛሬ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሒሳብ መግለጫ ማንበብ ተማሩ። ኡቱሳን በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ስለነበር ኪሳራው ምስጢር አልነበረም፤ የችግር ምልክቱ ለሕዝብ ከተገለጸበት ቀን አንስቶ እስከ መዘጋቱ ከአንድ ዓመት በላይ አልፏል። ያን ወረቀት አንብቦ የሚረዳ ጋዜጠኛ ሌላ ሥራ ለመፈለግም፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ አስተዳደሩን ለመጠየቅም ጊዜ ነበረው። የእናንተ ድርጅት የመጨረሻ ዓመት ሒሳብ የሚገኝ ከሆነ በዚህ ሳምንት ፈልጉት፤ አልገባ ካላችሁ ከሒሳብ ክፍል አንዱን ባልደረባ ሻይ ጋብዛችሁ ዕዳው የቱ ጋ እንደተጻፈና መቼ መከፈል እንዳለበት እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።