በርኖሱን ሸጦ ስልክ ገዛ

ይድረስ ለእትዬ፦

እንደምን ሰነበቱ? እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ሐይለኛ ውርጭ ባቄላውን መታብን እንጂ ገብሱ ዘንድሮ ክፉ አይደለም። ይህን ደብዳቤ የምትጽፍልኝ ልጄ ናት፤ 8ኛ ክፍል ናት። እኔ እስከ አራተኛ ብማርም እጄ ከሞፈር እንጂ ከእስክሪብቶ አልተስማማም። አባቴ ደግሞ ስሙን መጻፍ የቻለው በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ነው። ያቺን የምስክር ወረቀቱን እስኪሞት ድረስ ከግብር ደረሰኙ ጋር ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያኖራት ነበር። እኛ ቤት ትምህርት እንዲህ ይከበር ነበር ለማለት ነው።

ነገሬ ስለ ታላቁ ልጄ ነው። 17 ዓመቱ ነው፤ 10ኛ ክፍል። የኛ ቀበሌ ትምህርት ቤት ስምንተኛ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ወረዳው ከተማ ነው፣ በእግር አራት ሰዓት። በ2016 ትምህርት ሳይከፈት ቀርቶ አንድ ዓመት ቤት ዋለ። ዐምና ግን ከሦስት የሰፈራችን ልጆች ጋር ቤት ተከራይተው ገቡ። እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ዓርብ ማታ ይመጣል። እናቱ እንጀራውን፣ ሽሮውን፣ በሶውን ታዘጋጃለች፤ እኔ በግ እየሸጥኩ ኪራዩን እከፍላለሁ። ምንም አላጎደልንበትም።

ዐምና ደኅና ነበር። ዘንድሮ ሌላ ሰው ሆነብኝ። ፀጉሩን ጎንና ጎኑን ተላጭቶ፣ መሐሉን እንደ ዶሮ ጉትዬ አቁሞ መጣ። «ፋዘር» ይለኛል። ማታ ከብት ሲገባ ወጥቶ ማገዙ ቀርቶ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲነካካ፣ ብቻውን ሲስቅ ያመሻል። እናቱ ቡና ደረሰ ብላ ስትጠራው አይሰማትም። ስልኩን ከየት አመጣኸው ብለው ዝም አለኝ። ኋላ አብሮት የሚኖረው አንዱ ልጅ ነገረኝ፤ በርኖሱን ሸጦ ነው። እትዬ፣ ያን በርኖስ እናቴ ናት የፈተለችው። አባቴ ሲሞት ለኔ ደረሰኝ፤ እኔ ደግሞ ለተማሪው ልጄ ብርድ እንዳይመታው ብዬ ሰጠሁት።

የመንፈቁ ካርድ ሲመጣ በሁለት ትምህርት ወድቋል። ምነው ብለው፣ «ተምሬስ ምን ልሆን? ከመቶ ሦስት ሰው ለሚያልፍበት ፈተና? የአክስቴ ልጅ ዲግሪውን ይዞ ቤቱ ተቀምጦ የለም እንዴ?» አለኝ። የአክስቱ ልጅ እውነት ነው፣ ከተመረቀ ሦስተኛ ዓመቱ ነው፣ ቁጭ ብሏል። መልስ አጣሁ። መልስ ሳጣ በጥፊ መታሁት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሳምንት አልመጣም፤ ስንቁን በጓደኞቹ ነው የምንልክለት።

በኛ ጊዜ ልጅ የአባቱን ዐይን አይቶ ይገራ ነበር። የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠረ ልጅ ሽማግሌ ሲያይ ይነሣል። የዛሬ ትምህርት ግብረ ገብ የለው፤ መምህሩም ተማሪውን ይፈራል፤ ልጁን የሚያሳድገው ስልክ ሆነ። እኔ የቆረጥኩት ከትምህርት ቤት አውጥቼ ከበሬ ጋር ላውለው ነው። ይህችንም ከስምንተኛ በኋላ ወደዚያ ከተማ አልሰዳትም። ወንዱ እንዲህ ከሆነ ሴቷ ምን ልትሆን ነው? ለርሷም ከደኅና ቤት ጠያቂ አልጠፋም። ባለቤቴ «መጀመሪያ ሰው ጠይቅ» ብላ ስለጎተጎተችኝ ነው የጻፍኩልዎ። ምን ይላሉ?

አባት ነኝ፣ ከመንዝ

*

ወንድሜ፣ እንደምን አሉ? ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ያነበብኩት ስለ አንዲት መስመር ነው፤ ወደ እርሷ እመለሳለሁ።

ከበርኖሱ ልጀምር። የመንዝን በርኖስ የማያውቅ ሰው ካፖርት ይመስለው ይሆናል። ሴቶቹ የበጉን ጠጉር ክረምት ከበጋ ፈትለውት፣ ሸማኔ ሠርቶት፣ ከአባት ለልጅ የሚያልፍ ልብስ ነው። እኔም ብሆን አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ይሁንና በዚያ ውርጭ አገር በርኖሱን አውልቆ የሸጠ ልጅ ወይ አፍሮበታል ወይ ቸግሮታል፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። «ከየት አመጣኸው» ብለው እንደጠየቁት ጽፈዋል። «ለምን ሸጥከው» ብለው የጠየቁበትን ቦታ ግን ፈልጌ አጣሁ።

እኔ 34 ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ግማሹን በሰሜን ሸዋ የወረዳ ከተሞች፣ የቀረውን ደብረ ብርሃን። ሐሙስና ዓርብ ክፍል ስገባ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ልጆች እንደሚያንቀላፉ አውቅ ነበር። ለምን እንደሚያንቀላፉ ለማወቅ ግን ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ። ስንቀኞች ናቸው። እሑድ ከቤት የወጣ እንጀራ ረቡዕ መሻገት ይጀምራል። ሐሙስ ድርቆሽ ካለ ድርቆሽ፣ እሱም ካለቀ በሶ፣ በሶውም ካለቀ ውሃ ጠጥቶ መተኛት ነው። ይህን ያወቅሁት ከአንድ ተማሪ ጋር ተጣልቼ፣ ደብተሩን ቤት ረሳሁት ሲለኝ «እንግዲያ ሄደን እናምጣው» ብዬ እስከ ማደሪያው የተከተልኩት ቀን ነው። አምስት ልጆች፣ ሁለት ፍራሽ። አይጥ እንዳይደርስበት ከጣሪያው በገመድ የተንጠለጠለ አገልግል አለ። ልጁ አውርዶ «መምህር፣ ይቅመሱ» አለኝ፤ ጨዋ ልጅ ነበር። የሻገተውን እየፋቁ የተረፈውን ነበር የሚበሉት። ያን ልጅ በዚያው ሳምንት ክፍል ውስጥ ተኛህ ብዬ አንበርክኬው ነበር።

እርስዎ «ምንም አላጎደልንበትም» ብለዋል። አምንዎታለሁ፤ እሑድ አላጎደላችሁበትም። እኔ የምጠይቅዎ ስለ ሐሙስ ነው።

የሚያልቀው እንጀራው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከእሑድ ማታ እስከ ዓርብ ያንን ልጅ «በላህ? የት አመሸህ? ምነው ፊትህ ከፋ?» የሚለው አንድ ትልቅ ሰው አለ? እናቱ ገበያ የሄደችበትም እናቱ የሞተችበትም እኩል ያለቅሳል ይባላል። ልጅዎን ያበላሸው ትምህርቱ ነው ብለው ጽፈዋል። እኔ ከደብዳቤዎ የማነበው ሰው ያጣ ልጅ ነው፤ ስልኩም የገባው ሰው በሌለበት ክፍት ቦታ ነው። ማታ ማታ የሚያናግረው እሱ ብቻ ነዋ።

የኔታን አንሥተዋል። እኔም የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፣ አቡጊዳውንም አለንጋውንም አልረሳሁም። ግን የቆሎ ተማሪውንም እናስታውስ። እሱም ከአባቱ ዐይን ርቆ፣ ብዙ ጊዜም ከቤቱ ጠፍቶ የሄደ ልጅ ነበር፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ለምኖ የሚበላ። ረኀቡ ከልጅዎ ረኀብ የባሰ ነበር። ነገር ግን ሲመሽ የሚመለሰው የኔታ ደጅ ነው። ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስቀጽላል፣ የቀረ ካለ «የት ሄደ?» ይባላል፣ የታመመ ካለ ጎጆው ይጎበኛል። እኛ ልጆቻችንን ወደ ከተማ ስንሰድ ስንቁን አስበናል፤ ያንን ደጅ ግን አላሰብንበትም። (መምህሩ ተማሪውን ይፈራል ላሉት፣ ሰባ ልጅ ፊት የቆመ፣ ደመወዙ ከወር ወር የማያደርሰው ሰው የሚፈራው ብዙ ነገር አለ። ለሌላ ቀን ይቆየን።)

አንድ ነገር ደግሞ አብረን እንቁጠር። ልጅዎ አምስተኛ ክፍል ሳለ፣ መጋቢት 2012 ላይ፣ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሰባተኛ ሳለ፣ ኅዳር 2014 ላይ፣ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና መጣ፤ ያኔ እናንተ አገር የነበረውን እርስዎ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። 2016ን ሙሉውን ቤት ዋለ። በሁለት ትምህርት ወደቀ ብለው ከማዘንዎ በፊት በቀሩት ሁሉ ማለፉን አስበውታል? እኔ ከመምህርነቴ ስመለከተው ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም።

«ከመቶ ሦስት» ያለው ውሸት አይደለም። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ከመቶ 3.3 ነበር፤ በ2015 3.2። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስዶ ኩረጃው የተመታው ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ይወጣ የነበረው ውጤት ምን ያህሉ የልጆቹ እንደነበር እኛ መምህራን እናውቃለን፣ አፋችንን ሞልተን ግን አንናገርም። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ሆኗል። ልጅዎ የያዘው የፊቱን ቁጥር ነውና ይንገሩት። በ8.4 ግን ሊረቱት አይሞክሩ፤ ከዘጠና በላዩ ያው አላለፈም።

ስለ አክስቱ ልጅ እኔም መልስ የለኝም። «የተማረ ይግደለኝ» እየተባለ ያደግን ሰዎች ዲግሪ ይዞ ደጅ የሚውል ልጅ ሲገጥመን ምላሳችን ይታሰራል። መልስ ማጣትዎ አያሳፍርም። ጥፊው ነው ያላማረኝ። የ17 ዓመት ልጅ እውነት ተናግሮ ከተመታ ሁለተኛ እውነት አይነግርዎትም። «እኔም አላውቅም ልጄ» ቢሉት ምን ይጎዳዎታል? ዩኒቨርሲቲ ባይገባ ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ገብቶ ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ ይማር እንደሆነ አብራችሁ ማሰብ ትችላላችሁ። ከበሬ ጋር ላውለው ላሉት ደግሞ፣ ስንት ጥማድ መሬት ነው ያለዎት? ለስንት ልጅ? ይህን ሳያሰሉ እርሻውን መቅጫ አያድርጉት፤ ነውር አይደለምና እርሻ።

አሁን የሚያደርጉትን ልንገርዎ። የገበያ ቀን ሳይጠብቁ፣ በመጪው ሐሙስ ይሂዱ። ለመምከር አይሂዱ። እናቱ ዳቦ ትጋግርና ይዘው ይግቡ፣ እዚያው ይደሩ፤ ልጆቹ ያላቸውን ራት አብረው ይብሉ። ስለ ፀጉሩ ምንም አይበሉ፤ ፀጉር ያድጋል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ ፊት ለፊት ሳትተያዩ፣ ስለ በርኖሱ ይጠይቁት፤ ስለ ጥፊውም እርስዎ ይጀምሩ። ዓርብ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄደው የክፍል ኃላፊውን መምህር ያግኙ። አባት ያለው ልጅ መሆኑ መታየቱ ብቻ ብዙ ያግዘዋል፤ እኔ ለስብሰባ ሳይጠራ በራሱ የመጣ ወላጅ በዓመት ከሦስት በላይ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ አራታችሁ አባቶች ተገናኙ። ዱቄቱን አከራይቱ ዘንድ አስቀምጡና ረቡዕ ረቡዕ ትጋግርላቸው፤ ዋጋዋን ተካፈሉ። እሷ የማትመች ከሆነች ከዘመድ አንዲት ባልቴት እዚያ አስገቡ። ያም ካልሆነ በየሳምንቱ አንድ አባት ወይም አንዲት እናት በተራ እየሄዳችሁ አንድ ሌሊት እደሩ። የጋራ የሣር መሬቱን ጓሳን ቄሮ በሚባለው የአባቶች የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋ፣ ሣሩን ማን አጨደ እያለ ሲጠብቅ የኖረ የመንዝ ሰው አራት ልጅ በተራ መጠበቅ አያቅተውም። ስልኩን አይስበሩት። ማታ ማታ ለእናቱ ይደውልበት፤ ዓርብና ቅዳሜ ከብት ገብቶ ራት እስኪበላ ግን ሣጥን ውስጥ ይቆይ። በርኖሱንም ማን እንደገዛው ጠይቁ፤ ትንሽ ከተማ ነው፣ በርኖስ አይሰወርም።

አሁን ወደዚያች መስመር። «ለርሷም ከደኅና ቤት ጠያቂ አልጠፋም» የሚለውን ያስጻፉት ራሷን ነው። ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች በተለቀመ፣ ቀጥ ባለ ጽሕፈት ነው የተጻፈው። እዚያች መስመር ላይ ብቻ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶታል። ዕድሜዋን አልነገሩኝም፤ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ስንት ዓመቷ እንደሆነ ግን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ሕጉ 18 ይላል። ጠያቂውን ይመልሱት። እስካሁን ያልኩት ምክር ነው፣ ሊቀበሉትም ሊተዉትም ይችላሉ፤ ይህ ግን ምክር አይደለም። ወንድሟ የሸጠውን በርኖስ እሷ አትከፍልም። የከተማው ቤት አንዲት ትልቅ ሴት ከገባችበት ለመጪው መስከረም ለርሷም ማደሪያ ይሆናል፤ ለዚህም ነው ከአሁኑ ይደርጅ የምልዎ።

ለባለቤትዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሰው ጠይቅ ማለቷ ደግ አደረገች።

ለጸሐፊዋ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን እንደጻፍሽው ነው ያተምነው፣ አንድም ቃል አላረምንም። «ኃይለኛ» በብዙኃኑ «ኃ» ነው እንጂ በሐመሩ «ሐ» አይደለም። ሌላው ሁሉ ትክክል ነው።