የሚወዱት ሥራ ሲያዝል፦ ከጅማ የደረሱን ጥያቄዎች

የዚህ ሳምንት ጠያቂዎች ሁሉም ከጅማ ናቸው። ሥራቸውን ይወዳሉ፤ ሥራው ግን አቅማቸውን እየጨረሰው ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። ሙያውን ወድጄ ነው የገባሁበት። አሁን ግን በሽተኛን በስሙ መጥራት ትቼ «አልጋ ሰባት» ማለት ጀምሬያለሁ። አስታማሚ ሲያለቅስ ምንም አይሰማኝም። ጨካኝ ሆኜ ይሆን?

መልስ፦ አይደለሽም እህቴ። ተሟጠሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን የሥራ መዛል ሲገልጸው ሦስት ነገር አንስቷል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅና ውጤታማነት መቀነስ። በሽታ ብሎ አልፈረጀውም። በአግባቡ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነው ብሎታል። ስለዚህ «በርቺ፣ ቻይው» ለሚልሽ ሰው ጆሮ አትስጪ፤ ነገሩ በመቻል ብቻ አይፈታም።

ኃላፊሽ ጋ ስትገቢ «ደክሞኛል» ብቻ አትበይ። በተከታታይ ስንት የማታ ዲዩቲ እንደገባሽ፣ በአንድ ዲዩቲ ስንት በሽተኛ እንደሚደርስሽ ጽፈሽ አሳዪ። ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው ዝም ብሎ መመለስ ይከብዳል። እስከዚያው በየዲዩቲሽ አንድ በሽተኛ ምረጪ። ስሙን፣ ሰፈሩን ጠይቂው፤ ትንሽ አጠገቡ ቁጭ በይ። ወደዚህ ሙያ ያመጣሽ እኮ ሰው ነው።

እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ቤትሽም ሆነሽ የሚያስደስትሽ ነገር ከጠፋ ግን ድብርት ሊሆን ይችላል። የአእምሮ ሕክምና ጅማ ውስጥ አለ። የሥራ ባልደረባ ያየኛል ብለሽ እንዳትቀሪ፣ አደራ።

ጥያቄ፦ በርጩማ እሠራለሁ። ድሮ እንጨቱን ስይዝ ሰዓቱ መንጎዱ አይታወቀኝም ነበር። አሁን ትዕዛዝ በዝቶ ስልኬ ሲጠራ ይቀፈኛል። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው ወንድሜ። ከጻፍከው እንደገባኝ ያስጠላህ ስልኩ ነው፤ እንጨቱ አይደለም። የጅማ ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ተጣድፈህ አንዱን እግር ከሰነጠቅከው ልፋትህ ሁሉ ገደል ገባ። «ለቅዳሜ አድርስልኝ» ላለህ ሁሉ እሺ አትበል። ቀብድ ስትቀበል የምታስረክብበትን ቀን አንተ ቁረጥ። ጠዋት እየሠራህ ስልክ አታንሳ። አልፎ አልፎም ማንም ያላዘዘህን፣ የልብህን አንድ በርጩማ ሥራ።

ጥያቄ፦ ሪፖርት ለማድረስ ማታ ማታ ጫት እቅማለሁ። ያለሱ የሥራ ፍላጎት የለኝም።

መልስ፦ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ያነቃቃል፤ እንቅልፍም ይነሳል። ምርቃናው ሲወርድ ድብት ይልሃል። ለማውረድ ጨብሲ ከተጨመረበት ደግሞ የባሰ ነው። ያጣኸው እንቅልፍ ይመስለኛል። ሪፖርቱን ለጠዋት አሳድረውና ለጥቂት ሳምንት በጊዜ ተኛ። ማቆም ካቃተህ ሐኪም አማክር።

ጥያቄ፦ በአንድ የግል የቡና መጋዘን እሠራለሁ። ዓመት ቢያልፈኝም እረፍት ወጥቼ አላውቅም። «በቡና ወቅት እረፍት አይታሰብም» ይሉኛል።

መልስ፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎትህ 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይገባሃል። ሥራው ካስገደደ ቀጣሪህ ጊዜውን ሊያሸጋግረው ይችላል፤ ሊያስቀርብህ ግን አይችልም። የቡናው ግርግር ጋብ የሚልበትን ወር ምረጥና ማመልከቻህን ከአሁኑ በጽሑፍ አስገባ። ቅጂውን አንተ ጋ አስቀር።